የኩርድ ሴቶች ከረጢትና ጌጡ፦ ንድፉ ከየት መጣ?



በእጅ የተሠራ ጌጠኛ ዕቃ ባየን ቁጥር አብዛኞቻችን «ይኼ ጌጥ ምን ማለት ነው?» ብለን መጠየቅ ይቀናናል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ከእሱ በፊት መነሣት የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዕቃው ለምን አገልግሎት ተሠራ? እንዴትስ ተሠራ?» የሚለው ነው። ይህን ሳይመልስ ወደ ትርጉሙ የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ሐሳብ የዕቃው ሐሳብ አድርጎ ያወራል። ነገ ክፍል ውስጥ ቆመን የተማሪ ጥያቄ የምንመልስ ስለሆንን ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። እስቲ በአንድ ምሳሌ እንየው። ምሳሌያችን የኩርድ ሴቶች በእጃቸው የሚሸምኑት ከረጢት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከረጢት የቁም ሣጥን ምትክ

ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ከ30 ሚሊዮን እንደማያንስ የሚገመት ሕዝብ ናቸው። የራሳቸው ነጻ መንግሥት የላቸውም። ቋንቋቸው ኩርድኛ ከፋርስኛ ጋር ይዛመዳል። አገራቸው ተራራማ ነው፤ በተለይ በኢራንና በኢራቅ ድንበር ላይ የተዘረጋው የዛግሮስ ሰንሰለት ለበግና ለፍየል እርባታ የተመቸ ነው። ከኩርዶች መካከል ገበሬውም ከተሜውም ሞልቷል። ይሁንና ስለ ከረጢት ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚታሰቡት ከብታቸውን እየነዱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይዘዋወሩ የነበሩት አርብቶ አደሮች ናቸው።

ለምሳሌ ጃፍ የሚባለውን ትልቅ ነገድ እንውሰድ። በዚያ አገር ብርዱ የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ተራራው በበረዶ ይሸፈናል። ስለዚህ ጃፎች የብርዱን ወራት በኢራቅ ቆላ፣ በሲርዋን ወንዝ አካባቢ ያሳልፉ ነበር። በረዶው ሲቀልጥና ሣሩ ሲያቆጠቁጥ በሻራዙር ሜዳና በፔንጅዊን በኩል አድርገው ወደ ኢራን ደጋ ይወጣሉ። ሙቀቱ ሲያልፍ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። እንዲህ እያለ በየዓመቱ ቤት ይነሣል፣ ቤት ይተከላል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖር ቤተሰብ ንብረቱን በምን ይይዛል? ቁም ሣጥን የለ፣ መደርደሪያ የለ። የእንጨት ሣጥን በበቅሎ ጀርባ ላይ ቢጭኑት ከብቱን ይልጠዋል፤ ገደል ላይ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ባዶ ሲሆን እንኳ ቦታ ይይዛል። ከጠጉር የተሸመነ ከረጢት ግን የከብቱን ጎን ተከትሎ ይለጠፋል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ባዶ ሲሆን ይታጠፋል። ሰፈር ሲደረስ ከረጢቶቹ በድንኳኑ ውስጥ ጌጠኛው ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራሉ። ያን ጊዜ ግድግዳም ናቸው፣ መደገፊያም ናቸው፣ የቤት ጌጥም ናቸው ማለት ነው። ከረጢቱ ለምን እንዲህ አማረ ብንል አንዱ መልስ ይኸው ነው። ለዚያ ቤተሰብ ቤቱን ቤት የሚያሰኘው ዕቃ ይኸው ከረጢት ነበር።

የከረጢቶቹ ዓይነት

እንደ አገልግሎቱ የከረጢቱ ቅርጽ ይለያያል። በመጻሕፍትና በገበያ የሚጠሩባቸው ስሞች በአብዛኛው ፋርስኛና ቱርክኛ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ኾርጂን፦ በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል መንታ ከረጢት ነው። የእያንዳንዱ ፊት ስፋት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

መፍረሽ፦ እንደ ሣጥን አራት ጎንና ወለል ያለው ትልቅ የመኝታ ዕቃ መያዣ ነው። ብርድ ልብስና ፍራሽ ይከተትበታል። ጭነቱ ሚዛን እንዲጠብቅ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሠራል።

ጁዋል፦ እህልና ዱቄት የሚጫንበት ትልቅ ጆንያ ነው።

ቻንተ፦ ትንንሽ የግል ዕቃ የሚያዝበት፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ከረጢት ነው።

ነመክዳን፦ ነመክ በፋርስኛ ጨው ሲሆን፣ ዳን ደግሞ መያዣ ማለት ነው። ይህ ከረጢት ከሁሉም ለየት ያለ ቅርጽ አለው፤ ታቹ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ሆኖ ጠርሙስ ይመስላል። ለምን? እረኛው ለመንጋው ጨው ይሰጣል፤ በግና ፍየል ደግሞ ጨው ሲያዩ አይችሉም። አፉ ሰፊ ቢሆን ጭንቅላታቸውን ከትተው ይጨርሱት ነበር። አንገቱ ግን የሰው እጅ እንጂ የበግ ጭንቅላት አያስገባም። ወደ ታች ሲታጠፍ ደግሞ ራሱ ክዳን ይሆናል፤ ጨው አይፈስም። እንግዲህ አንድ እንግዳ ሰው ይህን ቅርጽ አይቶ «የሰው አካል ምሳሌ ነው» ብሎ ሊፈላሰፍ ይችላል። እረኛውን ቢጠይቅ ግን መልሱ አጭር ነው።

አንድ ኾርጂን እንዴት ይሠራል?

ሥራው ከጠጉር ይጀምራል። የበግ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ በእንዝርት ይፈተላል። የፍየል ጠጉር ጠንካራና ሸካራ ስለሆነ ለድንኳን፣ ለገመድና ለከረጢቱ ጠርዝ ይውላል።

የአርብቶ አደሯ ሸማኔ ዕቃ ቀላል ነው። ሁለት ወፍራም እንጨቶች መሬት ላይ በካስማ ይወጠሩና ድሩ በመካከላቸው ይዘረጋል። የመነሻ ቀን ሥራው ሳያልቅ ቢደርስ ካስማው ይነቀላል፣ የተጀመረው ሥራ ከነድሩ ይጠቀለላል፣ አዲሱ ሰፈር ላይ እንደገና ይወጠራል። ይህ ዓይነቱ መሥሪያ በጣም ሰፊ ሥራ አያሠራም። ከረጢቱ ትንሽ የሆነው ለከብቱ ጀርባ ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያው ስፋትም ጭምር ነው።

ኾርጂን መንታ ይሁን እንጂ የሚሸመነው እንደ አንድ ረጅም ጨርቅ ነው። ከአንዱ ጫፍ ብንጀምር ተራው እንዲህ ነው፦ ጌጠኛ ፊት፣ ጀርባ፣ መካከለኛው ድልድይ፣ እንደገና ጀርባ፣ እንደገና ጌጠኛ ፊት። ሽመናው ሲያልቅ ሁለቱ ጫፎች ወደ ድልድዩ ይታጠፉና ጎንና ጎናቸው በጠንካራ ክር ይሰፋል። ድልድዩ በከብቱ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ጀርባዎቹ የከብቱን ጎን ይነካሉ፤ ፊቶቹ ለመንገደኛው ይታያሉ። ብዙ ማገዶ የማይጠይቅ፣ ትርፍ ቁራጭ የማይጣልበት ብልህ ሥራ ነው።

ሌላም ብልሃት አለ። በከረጢቱ አፍ ላይ በአንዱ በኩል የክር ቀለበቶች፣ በሌላው በኩል ቀዳዳዎች ይሠራሉ። ቀለበቶቹ በቀዳዳዎቹ አልፈው አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካ ሰንሰለት ይሆናሉ። የመጨረሻው ብቻ ሲታሰር ወይም ቁልፍ ሲገባበት ከረጢቱ በሙሉ ይዘጋል። በብዙዎቹ ላይ የከረጢቱ መታጠፊያ፣ ማለትም ከመሬትና ከድንጋይ ጋር የሚፋተገው ታችኛው ክፍል፣ ከሌላው ይልቅ ወፈር ተደርጎ ይሠራል። የት ቶሎ እንደሚያልቅ ሸማኔዋ አሳምራ ታውቃለች።

ንድፉን የወለደው ክሩ ነው

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። በኩርድ ከረጢቶች ላይ ደጋግመን የምናየው ሦስት ማዕዘን፣ በጂኦሜትሪ ሮምበስ የምንለው ቅርጽ፣ የመሰላል ጥርስ የመሰለ መስመርና መንጠቆ ነው። ክብ ነገር እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ኪሊም የሚባለውን ጠጉር የሌለው ሽመና እንመልከት። በዚህ ሽመና ማጉ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ቀዩ ማግ ቀይ በሚሆነው ቦታ ብቻ ይመላለሳል፤ ሰማያዊው በሰማያዊው ቦታ ብቻ። ሁለቱ ድንበር ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ታዲያ ድንበሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ስንጥቅ ይፈጠራል። ስንጥቁ የጣት ጥፍር ቢያህል ግድ የለም። ስንዝር ቢያህል ግን ከረጢቱ ይተረተራል። ስለዚህ ሸማኔዋ ጥቂት ረድፍ በሠራች ቁጥር ድንበሩን አንድ ወይም ሁለት ድር ወደ ጎን ታሻግረዋለች። ድንበሩ እንግዲህ ደረጃ ይሠራል፣ ሰያፍ ይሆናል። ሁለት ሰያፎች ሲገናኙ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በመሠረታቸው ሲገጥሙ ሮምበስ ይሆናል። የሮምበሱ ጠርዝ በትንንሽ ደረጃ ሲቆለመም ደግሞ መንጠቆ ይወለዳል። እንግዲህ ጌጡ ጨርቁ እንዳይቀደድ የተደረገ ዘዴ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዘዴ ሱማክ ይባላል። እዚህ ላይ የቀለሙ ክር በድሩ ላይ እየተጠመጠመ ይሄዳል። ስንጥቅ አይኖረውም፤ ጨርቁም ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጭነትና ብዙ መፋተግ ለሚበዛባቸው ከረጢቶች ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው እንደ ስጋጃ ባለ ጠጉር የሆነው ነው። አጭር የጠጉር ክር በሁለት ድሮች ላይ ይቋጠርና ሁለቱ ጫፎቹ በድሮቹ መካከል ወደ ፊት ይወጣሉ። አንድ ረድፍ ቋጠሮ ሲያልቅ ማግ ይገባል፣ በማበጠሪያ መሰል መምቻ ይመታል፣ የክሩ ጫፍም ይስተካከላል። የጃፍ ኾርጂኖች የታወቁት በዚህ ሥራ ነው። ፊታቸው በመረብ መልክ በተደረደሩ፣ ጠርዛቸው መንጠቆ ባለው ሮምበሶች ይሞላል።

በዚህ ላይ የጃፍ ሸማኔዎች የሚጠቀሙበት አንድ አስደናቂ ዘዴ አለ። ድሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያልን እንቁጠራቸው። በተለመደው አሠራር ቋጠሮዎቹ በሁሉም ረድፍ 1 እና 2 ላይ፣ 3 እና 4 ላይ እያሉ ይቀመጣሉ። ሰያፍ መስመር ሲሠራ እርምጃው ሙሉ አንድ ቋጠሮ፣ ማለትም ሁለት ድር ይሆናል። የጃፏ ሸማኔ ግን በሚቀጥለው ረድፍ አንድ ድር ዘላ ቋጠሮውን 2 እና 3 ላይ፣ 4 እና 5 ላይ ልታስቀምጠው ትችላለች። በዚህ ጊዜ እርምጃው ግማሽ ቋጠሮ ይሆናል። ውጤቱስ? መስመሩ ይበልጥ ቀና ይላል፤ ጥርሱም ይደቅቃል። የሮምበሱ ጎን ጥርት ብሎ ይወጣል።

ነገሩ ካልገባችሁ የሂሳብ ደብተራችሁን አውጡና ሞክሩት። አንድ ካሬ አንድ ድር ይሁን፤ አንድ ቋጠሮ ጎን ለጎን ሁለት ካሬ ይይዛል። በመጀመሪያ በየረድፉ ሁለት ካሬ እየተራመዳችሁ ሰያፍ መስመር አቅልሙ። ከጎኑ ደግሞ በየረድፉ አንድ ካሬ ብቻ እየተራመዳችሁ ሌላ አቅልሙ። ልዩነቱን ዓይናችሁ ወዲያው ያየዋል። ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች በአብዛኛው ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ናቸው። ቢሆንም የመስመር ተዳፋት ምን እንደሆነ በጣታቸው ያውቁ ነበር።

ቀለሙም እንዲሁ በቁጥር ይሄዳል። በጃፍ ከረጢት ላይ ሮምበሶቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ ኖሯቸው ቀለማቸው ይለዋወጣል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀለም ያላቸው በሰያፍ ይሰለፋሉ። ይህ እንዲሆን ሸማኔዋ በእያንዳንዱ ረድፍ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ በጭንቅላቷ መያዝ አለባት። በወረቀት የተሣለ ንድፍ ፊቷ የለም። ልጅ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እያየች ትማራለች፤ ወይም የቆየ ከረጢት ገልብጣ ቋጠሮውን ትቆጥራለች።

ለዚህም አንድ ልዩ ማስረጃ አለ። ቢጃር በምትባለው የኢራን ኩርዶች ከተማ አካባቢ ዋጊሬ የሚባል ትንሽ ስጋጃ ይሠራ ነበር። ዋጊሬ መንጠፊያ አይደለም፤ ናሙና ነው። የአንድ ትልቅ ስጋጃ ንድፍ ዋና ዋና ክፍሎችና የጠርዙ ዓይነት በትንሽ ቦታ ተሸምነው ይቀመጡበታል። ሌላዋ ሸማኔ እሱን እያየች ትልቁን ትሠራለች። በክር የተጻፈ የማስተማሪያ ደብተር ብንለው ያስኬዳል።

ቀለሙ

በድሮ ከረጢቶች ላይ ያለው ቀይ ማደር ከሚባል ተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከለውዝ መሰሉ የዎልነት ፍሬ ቅርፊት፣ ቢጫው ከልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠልና ከሮማን ልጣጭ ይወጣ ነበር። አረንጓዴ ለማግኘት ሰማያዊና ቢጫ ይደራረባሉ። ቀለሙ በጠጉሩ ላይ አጥብቆ እንዲይዝ ጠጉሩ አስቀድሞ በሸብ ውኃ ይነከራል።

ጠጉሩ በትንሽ በትንሹ በየጊዜው ስለሚነከር አንዱ ዙር ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። በዚህ ምክንያት አንዱ ቀይ መስክ ውስጥ ፈዘዝና ደመቅ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ብረት የገባበት ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቀለም ደግሞ ጠጉሩን በጊዜ ብዛት ይበላዋል። ስለዚህ በቆየ ከረጢት ላይ በጣት ቢዳሰስ ጥቁሩ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ሌላው ቀለም ብቅ ብሎ ይገኛል። ማንም አስቦ ያልሠራው፣ ኬሚስትሪ የሠራው ቅርጽ ነው እኮ!

በ1856 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን የመጀመሪያውን የፋብሪካ ቀለም ካገኘ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ርካሹ ዱቄት ቀለም ቀስ በቀስ እስከ ዛግሮስ ገበያ ደረሰ። ለሸማኔዋ ድካም ቀነሰላት። ነገር ግን ከቀድሞዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች አንዳንዶቹ በፀሐይ ይለቁ፣ በውኃ ይሮጡ ነበር። ዛሬ አጥኚዎች የአንድን ከረጢት ዕድሜ ሲገምቱ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ቀለም ነው።

አንድ ሕዝብ፣ ብዙ መልክ

የኩርድ ከረጢት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለን እንዳንሳሳት። የሳነንዳጅ ከተማን እንውሰድ፤ የቀድሞ ስሟ ሰነህ ነው። የዚያ ኪሊም ቀጭን ክር ያለው፣ በአበባና በዓሣ መሰል ቅርጽ የተሞላ፣ ከከተማና ከመሳፍንት ቤት ጥበብ ጋር የተዛመደ ነው። ከጃፍ ድንኳን ሥራ በእጅጉ ይለያል።

በሌላ በኩል ከዚህ ሁሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በኾራሳን ኩርዶች አሉ። ከ1588 እስከ 1629 የነገሠው ሻህ አባስ ከኡዝቤኮች ጥቃት ድንበሩን እንዲጠብቁ ከምዕራብ አንሥቶ ያሰፈራቸው ናቸው። በቁቻንና በቦጅኑርድ አካባቢ የሚኖሩት የእነዚህ ሰዎች ከረጢት ከጎረቤቶቻቸው ከቱርክሜኖችና ከባሉቾች ብዙ ተውሷል። ጎረቤት ሲለወጥ ጌጥም ይለወጣል። ስለዚህ «ይህ ቅርጽ የኩርድ ብቻ ነው» ብሎ መማል አይቻልም።

ስሞችም ያሳስታሉ። በስጋጃ ነጋዴዎች ቋንቋ ጫፎቹ ተነጣጥለው የሚወጡት ቋጠሮ «የሰነህ ቋጠሮ» ይባላል። የሰነህ ሸማኔዎች ግን የሚቋጥሩት ሌላውን፣ ቀደም ሲል የገለጽነውን ዓይነት ነው! ስሙን ያወጣው የሸማኔዋን ጣት ያየ ሰው አልነበረም። ለረጅም ጊዜ የኩርድ ሥራ በየገበያው ከተማ ስም ወይም በጎረቤት ሕዝብ ስም ሲሸጥ ኖሯል። አሜሪካዊው ዲፕሎማት ዊልያም ኢግልተን በ1988 ስለ ኩርድ ስጋጃና ሽመና አንድ መጽሐፍ አሳትመው ሥራዎቹን በነገድና በአካባቢ ለመለየት ሞክረዋል።

«ታዲያ ትርጉም የለውም እንዴ?»

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እና ጌጡ ዝም ብሎ የክር ጉዳይ ነው?» ሊል ይችላል። አይደለም። ሸማኔዎች ለቅርጾቻቸው ስም አላቸው። ስሙ ብዙ ጊዜ ቅርጹ ከሚመስለው ነገር ይወጣል፤ ከመንደር መንደርም ይለያያል። በከረጢቱ ላይ ሰማያዊ ዶቃ የሚንጠለጠለው ከክፉ ዓይን ይጠብቃል በሚል እምነት እንደሆነም በአካባቢው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ከሠራችው ሰው አፍ መስማት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ሳይጠየቅ ከሩቅ ሲፈጠርላት ነው።

የዚህ ዋና ምሳሌ ቱርክ ውስጥ የተፈጸመ ነው። ጄምስ ሜላርት የሚባሉ እንግሊዛዊ አርኪዎሎጂስት ከ1961 ጀምሮ ቻታልሁዩክ የተባለውን የ9,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው መንደር ቆፍረው ታላቅ ዝና አገኙ። በ1989 ከሌሎች ጋር ሆነው ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ የዛሬው የአናቶሊያ ኪሊም ጌጥ ከዚያ መንደር የግድግዳ ሥዕል በቀጥታ የወረደ፣ የጥንት እናት አምላክን የሚያሳይ ነው አሉ። አናቶሊያ ደግሞ ከሚሸምኑት ሕዝቦች መካከል ኩርዶችም ያሉበት አገር ነው። ለማስረጃ ያቀረቡት የሥዕሎቹን ንድፍ ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፍ አልነበረም። ነጋዴዎች ግን ወሬውን ወደዱት። የ9,000 ዓመት አምላክ ያለበት ጨርቅ ከተራ ጨርቅ ይልቅ በውድ ይሸጣላ!

ጥርጣሬውን አጥብቀው ካነሡት መካከል ማርላ ማሌት የተባሉ አሜሪካዊት ይገኙበታል። እኒህ ሴት ራሳቸው ሸማኔ ናቸው። የተከራከሩትም ከመሥሪያው ተነሥተው ነው፤ እነዚህ ቅርጾች ከኪሊም ስንጥቅና ከደረጃ መስመር የሚወለዱ ናቸው፣ ከግድግዳ ሥዕል የሚገለበጡ አይደሉም አሉ። ሜላርት በ2012 አረፉ። በ2018 ደግሞ ከቤታቸው ከተገኙት ወረቀቶች መካከል «ግድግዳ ላይ አገኘኋቸው» ያሏቸውን ሥዕሎች ራሳቸው ሲለማመዱባቸው የነበሩ ረቂቆች መገኘታቸው ይፋ ሆነ።

ሜላርት አላዋቂ አልነበሩም፤ መምህርም ነበሩ። ነገር ግን ያማረ ትርጉም ከእውነተኛው አሠራር ቀደመባቸው።

ከረጢቱ ምን ደረሰበት?

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኩርዶች ምድር ላይ አዳዲስ ድንበሮች ተሰመሩ፤ መንጋ እየነዱ ከኢራቅ ወደ ኢራን መሻገር እየከበደ ሄደ። በኢራን ከ1925 እስከ 1941 የገዛው ሬዛ ሻህ አርብቶ አደሮችን በግድ በአንድ ቦታ አሰፈረ። በኢራቅ ደግሞ በ1988 የሳዳም ሑሴን መንግሥት አንፋል በተባለው ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ የኩርድ መንደሮችን አፈረሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በሻራዙር ሜዳ ላይ ባለችው በሐላብጃ ከተማ ላይ በተጣለው የመርዝ ጋዝ 5,000 ያህል ሰዎች አለቁ። እንግዲህ ከላይ የጃፍ መንጋ ያልፍበት ነበር ያልነው ሜዳ ይኸው ነው።

ለውጡ ሁሉ ግን በግድ የመጣ አይደለም። መንገድ ሲሠራ የጭነት መኪና መጣ፤ የቆርቆሮ ሣጥንና የፕላስቲክ ጆንያ መጡ። ለወራት የሚሸመነውን ነገር በጥቂት ገንዘብ መግዛት ከተቻለ ማን ይፈርድባቸዋል? የሚጫን በቅሎ ሲጠፋ ኾርጂኑም ሥራ ፈታ፤ ወደ ገበያም ወጣ።

በገበያው ላይ ነው እንግዲህ ሌላው ጉዳት የደረሰው። ገዢው የፈለገው ጌጠኛውን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ስፌቱን ይተረትራል፣ ሁለቱን ፊቶች ቆርጦ ይለያያል፣ ጀርባውንና ድልድዩን ይጥላል። ዛሬ በየቤቱና በየስብስቡ የተሰቀሉት ብዙዎቹ እንዲህ የተቆረጡ ፊቶች ናቸው። ከተጣለው ጀርባ ጋር ምን ጠፋ? ጀርባው ላይ የሸማኔዋ የኪሊም ሥራ ነበረ፤ አንዳንዱ በሽንትር የተዋበ ነው። ጠርዙ ላይ የፍየል ጠጉር ነበረ፤ አፉ ላይ የቀለበቱ ሰንሰለት ነበረ። ከረጢቱ የየት አገር እንደሆነ ለመለየት የሚረዳው፣ ለምን እንደተሠራ የሚናገረውም ይኸው የተጣለው ክፍል ነው። ፊቱ ብቻ ሲቀር ዕቃው ሥዕል ይመስላል። ሥዕል ሲመስል ደግሞ «ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ይቀራል።

ደግነቱ ሁሉም አልጠፋም። በኢራቅ ኩርዲስታን ዋና ከተማ በኤርቢል፣ በጥንታዊው ምሽግ ውስጥ በ2004 የኩርድ ጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ተቋቁሟል። ምሽጉ ራሱ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ለእኛ ለዕጩ መምህራን

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የሠሪዎቹ ስም አልተጻፈም። ከነዚያ ሴቶች የቀረልን ቃል በጣም ጥቂት ነው። የቀረን አሠራራቸው ነው፤ እሱ ደግሞ በቋጠሮውና በስፌቱ ውስጥ አለ፣ የሚያየው ካገኘ።

ስለዚህ ወደፊት በእጅ ሥራም ሆነ በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንድ ዕቃ ይዘን ስንገባ ጥያቄዎቻችንን በተራ ብናቀርብ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ዕቃው ምን ይይዛል፣ ማንስ ይጠቀምበታል? ሁለተኛ፣ ከምንና በምን መሣሪያ ተሠራ? ሦስተኛ፣ መሣሪያውና ክሩ የትኛውን ቅርጽ ያቀላሉ፣ የትኛውንስ ይከለክላሉ? አራተኛ፣ የሠራው ሰው ራሱ ምን ብሎ ይጠራዋል? ትርጉሙ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው። መልስ ካላገኘን ደግሞ «ይህን አናውቅም» ብለን ለተማሪው መንገር ነውር የለበትም፤ ፈጥረን ከምንነግረው ይሻላል።

እስከዚያው ግን የተሸመነ ነገር እጃችሁ ከገባ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትመልሱት። ገልብጡት፣ ቋጠሮውን ቁጠሩ፣ ስፌቱን ዳስሱ።